ስንት ጊዜ ፈታኸው? ባለ አምስት አክሲስ ሲኤንሲን ጎንደር ላይ ሆኖ ማሰብ

ባለፈው ክረምት አንድ ልጅ ወደ ቶርኖ ቤታችን መጣ። ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ዳር ነን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው መጀመሪያ ምን እንዳለኝ አልሰማሁትም። ከተመረቀ ዓመት አልሞላውም። ስልኩን አውጥቶ የሠራውን ሥዕል በጣቱ እያገላበጠ አሳየኝ። የውኃ ፓምፕ ኢምፔለር ነው፤ ፓምፑ ውስጥ እየተሽከረከረ ውኃውን የሚገፋው ባለ ክንፉ ዕቃ ማለት ነው። ስፋቱ 120 ሚሊ ሜትር፣ ክንፎቹ ስድስት፣ እያንዳንዳቸው እንደ ተጠመዘዘ ቅጠል ጎብጠውም አጋድለውም የቆሙ። በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ትንሽ የመስኖ ፓምፕ ለደንቢያ ገበሬ ሊሠራ ነው ሐሳቡ።

«ጋሼ፣ ይሄን የሚያወጣ ባለ አምስት አክሲስ ማሽን ጎንደር የለም አሉኝ። አዲስ አበባ ልላከው ወይስ ቻይና?»

መልስ ከመስጠቴ በፊት ከደረሰኝ ደብተሩ ላይ አንድ የአልሙኒየም ብሎክ አንስቼ እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። የብሎኩን ታሪክ ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

ጥያቄው የእሱ ብቻ አይደለም። ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ «ኢትዮጵያ ታምርት» ሲባል እንሰማለን፤ ጥሩ ነው፣ ግን የሚመረት ነገር ሁሉ መጀመሪያ አንድ ናሙና ያስፈልገዋል፣ እሱን አንዱን ዕቃ ማን ይሥራው የሚለው ላይ ሲደረስ ሁሉም ይተያያል። ድሮ ወደ ውጭ ይላክ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ገበያው ሲለቀቅ ግን ባንክ ላይ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶ ብር አካባቢ ደረሰ፣ ከዚያም አለፈ። አዲስ አበባ ደግሞ በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ መንገዱ ሰላም ከሆነ። ስለዚህ ሰው «ማሽኑ ቢኖረንማ» ይላል። ባለ አምስት አክሲስ የምትለው ቃል እንደ ታቦት ስም ትጠራለች። እኔ ደግሞ ማሽኑን ስለማውቀው ነው መሰለኝ ትንሽ ይከነክነኛል።

አክሲስ ምንድን ነው? ማሽኑ መንቀሳቀስ የሚችልበት አቅጣጫ ነው። ተራው ሲኤንሲ ሚሊንግ፣ ማለትም በኮምፒውተር እየታዘዘ በሚሽከረከር መቁረጫ ብረት የሚቀርጸው ማሽን፣ ሦስት አለው፦ ግራና ቀኝ፣ ፊትና ኋላ፣ ላይና ታች። ኤክስ፣ ዋይ፣ ዜድ ይባላሉ። አራተኛውና አምስተኛው መሽከርከር ናቸው፤ በኤክስ ዙሪያ ሲዞር ኤ፣ በዋይ ዙሪያ ቢ፣ በዜድ ዙሪያ ሲ። ባለ አምስት አክሲስ ማሽን ከእነዚህ ከሦስቱ ሁለቱን ይጨምራል። በአንዳንዱ ማሽን ዕቃው የተቀመጠበት ጠረጴዛ ይገለበጣል ይዞራልም፣ በሌላው መቁረጫውን የያዘው ጭንቅላት ያዘነብላል፣ በሌላው ደግሞ ሁለቱ ሥራውን ይካፈላሉ።

ይሄ ከከበደህ እናትህ ድንች ስትልጥ ተመልከት። ቢላዋው በአንድ እጇ ነው፣ ድንቹ በሌላው። ቢላዋው ብዙም አይሄድም፤ ድንቹ ነው የሚዞርላት። አሁን ድንቹን ጠረጴዛ ላይ በሚስማር ምታውና ሳታነሳው ላጪው በላት። ላዩን ትልጣለች፣ ጎን ጎኑን በመከራ ትነካካለች፣ ሥሩን ግን ሚስማሩን ነቅላ ካልገለበጠችው አታገኘውም። ባለ ሦስት አክሲስ ይሄ ነው። ድንቹን ነቅሎ ገልብጦ እንደገና መምታት ደግሞ፣ በኛ ቋንቋ መፍታትና ማሰር፣ የጣጣው ሁሉ መነሻ ነው።

ወደ ብሎኩ ልመለስ። የዛሬ ሦስት ዓመት ነው፣ ስሙን የማልጠራው ደንበኛ የሃይድሮሊክ ማኒፎልድ አዘዘኝ። ዘይቱ በተለያየ ጎን ገብቶ ውስጥ ለውስጥ ተገናኝቶ የሚወጣበት ብሎክ ነው። ቀዳዳ በአምስት ጎን፣ ሁለቱ ቀዳዳዎች ደግሞ በ30 ዲግሪ ያጋደሉ። በባለ ሦስት አክሲስ ማሽን ስድስት ጊዜ አሰርኩት፣ ስድስት ጊዜ ፈታሁት። በየማሰሩ ጠርዙን ፈልጌ ዜሮ ያዝኩ፤ ልኬቱ የሚጀምርበትን ነጥብ ለማሽኑ ነገርኩት ማለት ነው። አራተኛው ላይ አንዲት ፍቅፋቂ፣ ከጤፍ ፍሬ የማትበልጥ፣ ዕቃውን ነክሶ በሚይዘው ሞርሳ ውስጥ ከዕቃው ሥር ቀርታ ኖሯል። አላየኋትም። የጤፍ ፍሬ ከ1 ሚሊ ሜትር ብዙ አትርቅም፤ እሷ ደግሞ ተጨፍልቃ ቀጥናለች። ግን ብሎኩን ከአንድ ጥግ ትንሽ አነሳችው። ሁለቱ አጋዳይ ቀዳዳዎች መሐል ላይ መግጠም ሲገባቸው በ0.4 ሚሊ ሜትር ተሳሳቱ። ውስጡን በስልክ መብራት ስታየው አንዱ ቀዳዳ ሌላው ላይ እንደ ጎደለ ጨረቃ ይታያል። የሁለት ቀን ሥራ ነበር። አሁን ደረሰኝ እንዳይበተን ይጫንልኛል።

ፍቅፋቂዋ ባትኖር እንኳ ስህተቱ ዜሮ አይሆንም ነበር። እጅግ ጠንቃቃ ሰው ዕቃ ፈትቶ ሲያስር ሁለት ሦስት መቶኛ ሚሊ ሜትር ያጣል፣ ሞርሳው ያረጀ ከሆነ ደግሞ አምስት። አንዴ ከሆነ ችግር የለውም። ስድስት ጊዜ ሲሆን ይደማመራል፤ ዕድለኛ ከሆንክ እርስ በርሱ ይጠፋፋል፣ ካልሆንክ አንድ ላይ ይከመራል። ናሙና ላይ ደግሞ የምትሠራው አንድ ብቻ ስለሆነ ከመጀመሪያው አበላሽተህ በአሥረኛው የምታስተካክልበት ዕድል የለህም።

ባለ አምስት አክሲስ ትልቁ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ሰው «ውስብስብ ቅርጽ ያወጣል» ይላል፤ አዎ ያወጣል። ዕለት ተዕለት እንጀራ የሚያበላው ግን ዕቃውን አንዴ ከሥሩ ነክሶ አምስቱንም ጎን ሳይፈታ መጨረሱ ነው። ስድስተኛው ጎን የታሰረበት ስለሆነ አንዴ መገልበጡ አይቀርም። ከስድስት ወደ ሁለት መውረድ ማለት ነው። እንዲያውም እንዲህ ያለ ማሽን ያላቸው ቤቶች ብዙውን ሥራቸውን የሚሠሩት አምስቱን አክሲስ በአንድ ጊዜ እያንቀሳቀሱ አይደለም። ጠረጴዛውን ወደሚፈልጉት ማዕዘን ያዞራሉ፣ ይቆልፉታል፣ ከዚያ እንደ ተራ ባለ ሦስት አክሲስ ይቆርጣሉ። ሦስት ሲደመር ሁለት ይሉታል። ለእኔ ማኒፎልድ የሚበቃው ይሄ ነበር።

አምስቱም አክሲስ አብረው የሚሄዱበት ሥራ ሌላ ዓለም ነው። የተርባይን ምላጭ፣ የመርከብ ፕሮፔለር፣ የዚያ ልጅ ኢምፔለር። የተጠማዘዘ ክንፍ ሥሩ በራሱ በክንፉ ተሸፍኗል፤ ከላይ ቀጥ ብለህ ብትወርድ አታገኘውም። መቁረጫው እያጋደለ፣ እየተከተለ፣ ጎረቤት ክንፉን ሳይነካ መግባት አለበት።

ማጋደል ሌላም ጥቅም አለው፣ ብዙ ሰው አያስተውለውም። ለጎባጣ ገጽ ጫፉ ድቡልቡል የሆነ መቁረጫ እንጠቀማለን፤ ቦል ኖዝ። 10 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውን በደቂቃ 8,000 ጊዜ አሽከርክረው። ዳሩ ላይ በደቂቃ 251 ሜትር ይሮጣል። ጫፉ መሐል ላይ ግን ፍጥነቱ ዜሮ ነው፤ እዚያ ጋ አይቆርጥም፣ እየጫነ ያሻሻል። ጠፍጣፋ ገጽ ላይ ቀጥ አድርገህ ስትሠራ የሚታየው ያ የደበዘዘ፣ የተፋተገ መልክ ከዚህ ነው የሚመጣው። 15 ዲግሪ ብቻ አጋድለው፣ የሚነካው ቦታ ከመሐሉ ይሸሽና ወደ 65 ሜትር ይደርሳል። ያው መቁረጫ፣ ያው ብረት፣ ገጹ ግን ሌላ።

ሦስተኛው ነገር ርዝመት ነው። ጥልቅ ቦታ ለመድረስ ባለ ሦስት አክሲስ ላይ መቁረጫውን ታስረዝመዋለህ። መቁረጫ ሲረዝም ይለመጣል፤ ርዝመቱን እጥፍ ካደረግከው በዚያው ጉልበት ስምንት እጥፍ ይለመጣል። ይንቀጠቀጣል፣ ያፏጫል፣ ሰፈሩን ይቀሰቅሳል። ዕቃውን ማጋደል ከቻልክ ግን በአጭር መቁረጫ ትደርሳለህ።

ይሄ ሁሉ ከየት መጣ ብትሉ ነገሩ የጀመረው ከሄሊኮፕተር ክንፍ ነው። ጆን ፓርሰንስ የሚባል አሜሪካዊ የክንፉን ቅርጽ በነጥብ በነጥብ አስልቶ ለማሽን የመስጠት ሐሳብ ነበረው፤ ሐሳቡ ኤምአይቲ የሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ደርሶ እ.ኤ.አ. በ1952 በተበሳ የወረቀት ጥቅልል የሚታዘዝ ሚሊንግ ማሽን ለሕዝብ ታየ። ሦስት አክሲስ ነበረው። ከዚያ በኋላ ነገሩ ፖለቲካ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1987 የጃፓኑ ቶሺባ ማሽን ከኖርዌዩ ኮንግስበርግ ጋር ሆኖ ብዙ አክሲስ ያላቸው ግዙፍ ማሽኖችን ለሶቪየት ኅብረት መሸጡ ተጋለጠ። ማሽኖቹ የሰርጓጅ መርከብ ፕሮፔለር ይቀርጻሉ፤ ጥሩ የተቀረጸ ፕሮፔለር ድምፁ ይቀንሳል፣ ድምፁ የቀነሰ ሰርጓጅ ደግሞ በቀላሉ አይያዝም። የአሜሪካ ምክር ቤት አባላት ከምክር ቤቱ ሕንፃ ደጃፍ የቶሺባ ሬዲዮ በመዶሻ ሲቀጠቅጡ ፎቶ ተነሱ። ዛሬም አምስት አክሲስ በአንድ ጊዜ የሚያንቀሳቅስ ማሽን አገሮች ለጦር መሣሪያም ሊውል የሚችል ዕቃ ወደ ውጭ ሲላክ በሚቆጣጠሩበት በቫሴናር ስምምነት ዝርዝር ውስጥ ነው፤ ዓይነቱንና ትክክለኛነቱን እያየ አንዳንዱ ለመላክ ፈቃድ ይጠይቃል። ስለዚህ ማሽኑ ዶላር ብቻ አይደለም የሚፈልገው፣ «ምን ልትሠሩበት ነው?» የሚል ወረቀትም ሊመጣ ይችላል።

እሺ፣ ዶላሩም ወረቀቱም ተገኘ እንበል። ማሽኑ ጎንደር ገባ። አሁን ማንም የማያወራውን ላውራ።

መጀመሪያ መብራት። ባለ ሦስት አክሲስ ሥራ ላይ መብራት ሲሄድ ያናድዳል እንጂ አይገድልም። ሲመለስ ማሽኑን ወደ መነሻ ነጥቡ ትልከዋለህ፣ ከቆመበት መስመር ትቀጥላለህ። አምስቱም አክሲስ አብረው ሲሄዱ፣ መቁረጫው በሁለት ክንፎች መሐል አጋድሎ ገብቶ ሳለ ከሄደስ? እሱን ከዚያ ጠባብ ቦታ ሳያስነካ ማውጣት ራሱ ሙያ ነው። ቀጥ ብለህ ወደ ላይ ካነሳኸው ክንፉን ይዘህ ትወጣለህ። ጄኔሬተሩ ደግሞ እስኪነሳ ድረስ ያለችው ጥቂት ሰከንድ ናት ችግሩን የምትፈጥረው።

ከዚያ ከፍታችን። ይሄን ስነግራቸው ሰዎች ይስቃሉ። የኤሌክትሪክ ሞተር ላይ የተጻፈው አቅም በአብዛኛው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ታስቦ ነው። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩን እንደ ባሕር ዳርቻው አያቀዘቅዘውም፤ ኮምፕረሰሩም በእያንዳንዱ ምት የሚውጠው አየር ያነሰ ነው። ካታሎግ ላይ ያየኸውን ቁጥር ሙሉ በሙሉ ለመጠቀም ከሞከርክ ሞተሩ ይግላል። ቻይናዊም ሆነ ጃፓናዊ ሞተር ሞተር ነው።

ከዚያ ደግሞ የቀኑ ሙቀት። ጎንደር ላይ ጠዋት ጃኬት ለብሰህ ትገባለህ፣ ስምንት ሰዓት ላይ እጅጌህን ትሰበስባለህ። 10 ዲግሪ ልዩነት ምንም አይደለም። 200 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው አልሙኒየም ግን በዚህች 10 ዲግሪ 0.046 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። ብረት የዚያን ግማሽ ያህል። ጠዋት ለክተህ ከሰዓት ብትቆርጥ፣ ማሽንህ ምንም ያህል ውድ ቢሆን፣ የከፈልክበትን ትክክለኛነት ፀሐይዋ ትወስደዋለች። የክፍሉን ሙቀት እንዳለ መያዝ ከማሽኑ ጋር ሲተያይ ርካሽ ነው፤ ግን ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ባለ አምስት አክሲስ ለመትከል ያሰበ ሰው አውቃለሁ።

ትልቁ ግን ሰው ነው። ማሽኑ የሚታዘዘው በጽሑፍ ነው፣ ጂ ኮድ በሚባለው። የባለ ሦስት አክሲስን ቀላል ሥራ ጎበዝ ባለሙያ በእጁ ይጽፈዋል፤ እኔም እጽፋለሁ። የአምስቱን ማንም በእጁ አይጽፍም፤ ካም የሚባል ሶፍትዌር ነው መንገዱን የሚያወጣው፣ ከዚያ ለእያንዳንዱ ማሽን ልክ የተዘጋጀ ፖስት ፕሮሰሰር ወደ ማሽኑ ቋንቋ ይተረጉመዋል። ፖስቱ ከማሽኑ ጋር ካልተስማማ ስክሪን ላይ ያማረው ሥራ ማሽኑ ላይ ግጭት ይሆናል። ጠረጴዛው እየተገለበጠ፣ መቁረጫውን የሚያሽከረክረው ስፒንድል እየወረደ ሲጋጩ የሚሰማው ድምፅ አንዴ ከተሰማ አይረሳም። ደግሞ የሚሽከረከሩት አክሲሶች የራሳቸው ስህተት አላቸው፦ ከመሐሉ 100 ሚሊ ሜትር ርቆ ባለ ነጥብ ላይ የ0.01 ዲግሪ መሳሳት 0.017 ሚሊ ሜትር ነው። ይሄን የሚለካ፣ የሚያስተካክል ሰው በየጊዜው ያስፈልጋል። ናሙና ሲሠራ ብረት የሚቆረጥበት ሰዓት ትንሹ ነው፤ ብዙው ማሰብ፣ መንገድ ማውጣት፣ ማሰሪያ ማዘጋጀት ነው። ሺህ ዕቃ ስትሠራ ይሄ ድካም ለሺህ ይካፈላል፣ አንድ ስትሠራ ለአንዱ ነው። ዋጋ ስንነግራቸው «ለዚች ለእፍኝ ብረት?» የሚሉን ደንበኞች ይሄ ቢገባቸው ደስ ይለኛል።

በሦስት-ዲ ፕሪንተር አይሠራም ወይ የሚለኝ አይጠፋም። ቅርጹን ለማየት ይሠራል፣ እኔም እመክራለሁ። ፋሲል ግንብ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየተደረበ ነው የቆመው፤ ፕሪንተርም እንደዚያው ይደርባል፣ ድክመቱም ንብርብሩ የተጋጠመበት ላይ ነው። ሲኤንሲ የላሊበላ ሥራ ነው። ከሙሉው አለት ላይ የማያስፈልገውን ታወጣለህ፣ ያወጣኸውን አትመልሰውም። ግን የቀረው አንድ ወጥ ነው፣ ፓምፑ ውስጥ ገብቶ ጫናውን የሚችለው እሱ ነው።

እንግዲህ ገንዘብ ይዘህ መጥተህ ምን ልግዛ ብትለኝ፣ ባለ አምስት አክሲስ ግዛ አልልህም፣ ቢያንስ በመጀመሪያው ዓመት። ጥሩ ባለ ሦስት አክሲስ፣ ላዩ ላይ የሚጫን ተገልባጭና ዟሪ ጠረጴዛ፣ ያላረጀ ሞርሳ፣ ዲያል ጌጅ፣ ማይክሮሜትር፣ ቮልቴጅ የሚያስተካክል ስታብላይዘር። የቀረውን ብር አንድ ልጅ ካም አሠልጥንበት። ጠረጴዛው ከሌለህ እንኳ 100 ሚሊ ሜትር ሳይን ባር፣ ማዕዘን ማውጫ ዘንግ ማለት ነው፣ ከአንድ ጫፉ ሥር 50 ሚሊ ሜትር ጌጅ ብሎክ፣ ልኩ የታወቀ የብረት ቁራጭ፣ አስገባለት፣ 30 ዲግሪ በነጻ ይሰጥሃል። ያኔ ዟሪው ጠረጴዛ ቢኖረኝ ኖሮ ያን ያህል አልፈታም፣ ብሎኩም ደረሰኝ አይጠብቅም ነበር።

ለልጁ የነገርኩት ግን ከማሽን በፊት ያለውን ነው። «ክንፉ ለምን ተጠማዘዘ?» አልኩት። ትንሽ ዝም አለ። ኢንተርኔት ላይ ያየው እንደዚያ ስለሆነ ነው። እኔ የፈሳሽ ነገር ባለሙያ አይደለሁም፣ ግን በፓምፕ ዓለም ክንፉ ከታች ወደ ላይ ቀጥ ያለ፣ ከላይ ሲታይ ብቻ የጎበጠ ኢምፔለር ሞልቷል። ከውጤታማነቱ ትንሽ ይቀንስ ይሆናል። ግን ከላይ ቀጥ ብለህ ወርደህ ትቆርጠዋለህ፤ ሦስት አክሲስ ይበቃዋል። መጀመሪያ ፓምፑ ውኃ ይግፋ፣ መጠማዘዙ ቀስ ብሎ ይመጣል። ፊቱ ላይ ቅር ያለው ይመስል ነበር፤ የደከመበት ሥዕል ነው።

በሁለት ሳምንቱ ተመለሰ። ክንፎቹን አቅንቷቸዋል። ኢምፔለሩ የሚወጣበትን ብሎክ በአንድ ማሰሪያ ጀርባውንና መሐል ቀዳዳውን ጨረስንና ገልብጠን፣ በቀዳዳው አስተካክለን ዜሮ ይዘን፣ ወደ ክንፎቹ ገባን። አራተኛው ክንፍ ላይ መብራት ሄደ። ሻይ ጠጣን። ተመለሰ፣ ከቆመበት ቀጠልን፣ ዱካው እንኳ በጥፍር ካልሆነ አይታወቅም። ስድስተኛው ሲያልቅ መሽቷል፤ ልጁ ፍቅፋቂውን በብሩሽ ጠርጎ ወዲያው ሞርሳውን ሊፈታ እጁን ዘረጋ።

«ቆይ» አልኩት። «ሳትፈታው ለካው።»